«ሲሞቅሽ ይተውሻል»

ጉልበቷን እንደሚያማት መጀመሪያ የነገረችኝ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ልምምድ ልንጀምር ስንል ነበር። እኔ ስፒከሩን ከስልኬ ጋር ለማገናኘት እታገላለሁ። «ቲቸር፣ ግራ ጉልበቴን ትንሽ ይጠዘጥዘኛል» አለችኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። «ሲሞቅሽ ይተውሻል» አልኳት። ሄዳ ቦታዋ ላይ ቆመች።

ይህን ቃል እኔም ስሰማው ያደግሁት ነው። እዚሁ አዳማ ባህላዊ ውዝዋዜ ያስተማሩኝ ሰው ሕመምን እንደ ስንፍና ነበር የሚቆጥሩት። ቀኝ ክንዴን ከፍ አድርጌ ልብስ ማስጣት ካቃተኝ ዓመታት አልፈዋል። ያም ሆኖ ተማሪዎቼን በዚያው መንገድ ነበር የማሠለጥናቸው።

ልጅቷ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ከወለንጪቲ በሚኒባስ እየተመላለሰች ትለማመዳለች። ከአሥራ አራቱ ተወዛዋዦቼ መካከል እንደሷ የሚዘል አልነበረም። በጉራጊኛው ጭፈራ ላይ ቁጢጥ ካለችበት ተስፈንጥራ ስትነሣ መሬቱ ራሱ ወደ ላይ የገፋት ይመስላል። የፊት መስመር መሐል ላይ ያቆምኳት ለዚህ ነው። መሬቱ ግን ሲሚንቶ ነበር። የምንለማመድበት አዳራሽ ለስብሰባ የተሠራ ስለሆነ በእግራችንና በሲሚንቶው መሐል የነበረው ካልሲ ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ሐዋሳ ላይ ለሚደረግ የባህል ቡድኖች ውድድር ተጋበዝን። ቡድኑ ከአዳማ ውጭ ሲወጣ የመጀመሪያው ስለነበር ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። በሳምንት ሦስት ቀን የነበረውን ልምምድ አምስት ቀን አደረግሁት። ጊዜ ይበላብናል ብዬ ሰውነት ማሟሟቂያውን አሳጠርኩት። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ሲያነክሱ አይቼ በሁሉም ፊት «ያመመው ይቀመጥ፤ ቦታውን የሚፈልግ ሞልቷል» አልኩ። ከዚያ በኋላ አሞኛል የሚል ጠፋ። እኔም ጠነከሩ ብዬ ደስ አለኝ።

እሷ ከአዳራሹ ደረጃ ስትወርድ የብረቱን መደገፊያ ይዛ በጎን መውረድ ጀምራለች። አይቻታለሁ። አላየሁም ብል ለራሴም ውሸት ነው። ጓደኛዋ መጥታ «ቲቸር፣ ቤቷ ስትገባ ጉልበቷ ያብጣል እኮ» ስትለኝ ልጅቷን ጠርቼ በራሴ ቅባት አሸኋትና ፋሻ አሰርኩላት። ያን ጊዜ መንከባከቤ መስሎኝ ነበር። ፋሻውን ያሰርኩላት ግን እንድታርፍ ሳይሆን እንድትዘልበት ነው።

ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ፈጣኑን ክፍል ሠራነው። ጥሩ ወጣ። «እንደገና» አልኩ። አሁንም ጥሩ ወጣ። ከኋላ መስመር አንዷ እጇን ትንሽ ዘግይታ ስላነሣች ብቻ «አንዴ፣ የመጨረሻ» አልኩ። በዚያ በመጨረሻው ዝላይ ልጅቷ ከፊት መስመር መሬት ስትረግጥ ግራ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ዘፈኑ እየጮኸም ጉልበቷ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ልጆቹ የተደናቀፈች መስሏቸው ሣቁ። እሷ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ «ጅልባ ኮ! ጅልባ ኮ!» አለች፤ ጉልበቴን ማለቷ ነው። ከዚያ በፊት ከኔ ጋር በኦሮምኛ አውርታ አታውቅም።

በባጃጅ ይዣት የሄድኩት ሰፈራችን ያሉ ወጌሻ ዘንድ ነው። ሆስፒታል ከወሰድኳት ለሳምንታት አትንቀሳቀሺ ይሏታል ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌው በጣታቸው ገና ነካ ሲያደርጉት ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ይሄ አጥንት አይደለም፤ ውስጡ ነው የተጎዳው። እኔ አልነካውም፤ ሐኪም ቤት ውሰጃት።»

«አባባ፣ እስቲ ትንሽ ይሹላት። ቅዳሜ ጉዞ አለብን።»

«በዚህ እግር?» አሉኝ።

በረንዳቸው ላይ ቆሜ ለእናቷ ደወልኩ። እናቷ ወለንጪቲ ገበያ ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ሴት ናቸው። «አይደንግጡ፤ ወለሉ እርጥብ ስለነበር አዳለጣት» አልኳቸው። ወለሉ ደረቅ ነበር። ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተጋድማ ትሰማኛለች። ስልኩን ስሰጣት ዐይኗን ከኔ ላይ ሳትነቅል «አዮ፣ አዳልጦኝ ነው» አለቻቸው፤ እናቷን የምትጠራው እንደዚያ ነው። ስልኩን መልሼ ስቀበል እናቷ «መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎ ባይኖሩ ልጄን ማን ያነሣልኝ ነበር!» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪም ቤት ሳልወስዳት ወደ ቤቷ ሸኘኋት፤ ሐዋሳ ያለሷ ሄድን። ቦታዋን ሌላ ልጅ ያዘች፤ ሁለተኛ ወጣን፤ ተጨበጨበልን። ፎቶውን ለሁሉም ልኬ ለሷ ብቻ ሳልልክላት ቀረሁ። በዚያ ሳምንት አንዴም አልደወልኩላትም።

እብጠቱ አልወርድ ሲል እናቷ ሆስፒታል አመጧት፤ እኔም አብሬ ገባሁ። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ የጉልበቷ ጅማት መበጠሱን ነገረን። ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?» ብሎ ጠየቃት። ዞራ አየችኝና «ከወደቅሁ ጀምሮ» አለች።

«ይሄ ጉልበት ከዚያ በፊትም ደህና አልነበረም» አለ ሐኪሙ።

እናቷ በሁለታችን መሐል ተቀምጠው ክንዴን ይዘውኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒው ወራት እንደሚፈጅ፣ ከዚያ በኋላ በደንብ እንደምትራመድ፣ መዝለሉን ግን እንድትረሳው ተነገራት። እናቷ «ዋናው መራመዷ ነው» አሉ። ልጅቷ አላለቀሰችም።

ስድስት ወር ያህል ውሸቱን ተሸክሜ ቆየሁ። አንድ የገበያ ቀን ወለንጪቲ ሄጄ እናቷን በርበሬያቸው መሐል አገኘኋቸው። «አካም ጅርቱ፣ መምህርት!» ብለው ተነሥተው ሳሙኝ፤ የተቀመጡበትን ዱካ ለቀቁልኝ። አልቀመጥኩም። እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሕመሟን ቀድማ እንደነገረችኝ፣ ወለሉ ደረቅ እንደነበር፣ ወጌሻው ያሉኝን። በመሐል አንዲት ገዢ መጣች። እናቷ ሽሮውን ሰፍረው፣ ቋጥረው፣ ሸኟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ እኔን ዋሽታኝ አታውቅም ነበር» አሉ። «ይሄንንም አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እርስዎ ሲሉኝ የነበሩ ሴት ናቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «አሁን ሂጂልኝ፤ ገበያዬን አትዝጊብኝ» አሉኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

በማግስቱ ልጅቷ ደወለችልኝ። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደጠበቅሁ አላውቅም።

«ለምን ነገርሻት?»

«እውነቱን ማወቅ ስለነበረባቸው ነው።»

«አይደለም፤ አንቺን እንዲቀልሽ ነው። እኔ እኮ ከሷ ጋር ነው የምኖረው። በነጋ በጠባ ለምን ዋሸሽኝ ትለኛለች። ቢያንስ እኔን ጠይቀሽ አትነግሪያትም ነበር?»

ዘጋችው። ልክ ነበረች። የደበቅሁት ለራሴ ብዬ ነበር፤ የተናገርኩትም ለራሴ ብዬ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የከፈለችው እሷ ናት።

አሁን አዳራሹ ላይ ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ እናነጥፋለን። ከልምምድ በፊት ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ሌላው በማይሰማበት፣ የት እንደሚያማቸው እጠይቃለሁ። ያመመውን አሳርፈዋለሁ፤ ቦታውንም ለሌላ አልሰጥበትም። እንዲያም ሆኖ የሚደብቀኝ አይጠፋም። ፊቱን አይቼ አውቃለሁ፤ ለምን እንደሚፈራም አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ልጅቷን አዳማ መናኸሪያ አገኘኋት። እዚሁ አንድ ኮሌጅ ፋርማሲ ትማራለች። ሸሽታኝ የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን መጥታ ሳመችኝ። እናቷ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋት።

«ደህና ናት። ስምሽን ግን አታንሺብኝ ትላለች» አለችኝ፤ ሳትደብቅ።

«አንቺስ?»

«እኔ ትቼዋለሁ። አንዳንዴ ግን ደረጃ ስወጣ ይመጣብኛል፤ ያን ጊዜ እናደድብሻለሁ። ከዚያ ያልፋል።»

ይቅርታ አልኳት። ሰምቻለሁ በሚል ዓይነት ራሷን ነቀነቀች። ሚኒባሱ እስኪሞላ አብረን ቆምን፤ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ጭፈራ ትናፍቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ስጠይቃት ገና ጸጸተኝ።

«ሰርግ ላይ ሲጎትቱኝ እነሣለሁ» አለችኝ። «ሌላው ሲዘል እኔ ቆሜ በትከሻዬ ብቻ እጫወታለሁ። የሰርግ ቤት እናቶች ታዲያ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!»

ሣቀች፤ ከልቧ። እኔ ግን አብሬያት መሣቅ አቃተኝ።