የዳሱ ልጆች ቤታቸው እንዲውሉ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤታችን ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። ስድስተኛን የጨረሰ ልጅ ሞጣ ገብቶ ቤት መከራየት አለበት፤ የሚከራይለት ካጣ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። የእህቴ ልጅ ያን ዓመት ስድስተኛ ነበረች። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ፣ መምህር በጠየቀ ቁጥር እጇን የምታወጣ ልጅ። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምታሳድጋት፤ የእኔም የመምህር ደሞዝ ከቤቴ አልፎ ሞጣ የሚደርስ አልነበረም።

በዚህ መሀል ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚሠራላቸውን ትምህርት ቤቶች ለመምረጥ ከላይ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። ወደኋላ የቀሩ አካባቢዎች ይቀድማሉ አሉን። ደስ አለኝ። በችግርማ ማን ይቀድመናል? ሦስተኛና አራተኛ ክፍል የሚማሩት ዳስ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ለከተማ የሚሄደው የመብራት መስመር በራሳችን ላይ ያልፋል፤ እኛ ግን በኩራዝ ነን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ የተጨነቁት ግን ለሌላ ነገር ነበር። ቅኔ ቤት የኖሩ፣ እንግዳ ከቤታቸው ሳይበላ ወጥቶ የማያውቅ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጆቻችን ድንጋይ ላይ ተኮልኩለው እንግዳ ይያቸው? ኧረ ነውር ነው!» አሉ ስብሰባው ላይ።

«አባቴ፣ ይዩት እንጂ! የሚመጡት ሊያዩ አይደለም ወይ?»

«አንተ ልጅ፣ ገበና አደባባይ አይሰጣም። ደግሰን እንቀበላቸው፤ የቀረውን እነሱ ያውቁልናል።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ብከራከርም የሰማኝ የለም። ሰዉ በደቦ ወጣ። ግድግዳው በኖራ ተለቀለቀ። ዳሱ ፈርሶ ቦታው ተጠረገ። ከብቸና ዴስክ በትውስት በአይሱዙ መጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ መጣ፣ ሁለት ሙክት ታረደ። የዳሱ ልጆች ደግሞ በዕለቱ ቤታቸው እንዲውሉ ተነገራቸው። ትምህርት ቤት የሚሠራላቸውን ልጆች ደብቀን ትምህርት ቤት ልንለምን!

እንግዶቹ በነጭ መኪና መጡ። ከመኪናቸው እስከ ምንጣፉ፣ ከምንጣፉ እስከ ድግሱ፤ ያዩት አገር ያ ነው። በልተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ አንደኛው፦

«እናንተማ ደህና ናችሁ። የሌላውን ብታዩ ታለቅሳላችሁ» አለን።

አላስቻለኝም። ተነሥቼ «ዳስ ነበረን፤ ትናንት ነው ያፈረስነው። ዴስኩም የእኛ አይደለም» አልኩ።

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። «ቀልደኛ ነው፣ አይስሙት» አሉ። እንግዶቹም ሳቁ። አንደኛው ወደ መኪናው ሲገባ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «መምህር፣ እኛ እንግዲህ ያየነውን ነው የምንጽፈው» አለኝ።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሉ ለሌላ ወረዳ ተሰጠ። «ሕዝቡ ራሱን የቻለ ነው» ተብሎልን ነው የቀረብን። ያገኙት ሰዎች ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እነሱም እንደ እኛ ቸግሯቸው ነው። የሚያንገበግበኝ ድሃ ከድሃ ጋር ተሰልፎ፣ ጥርሱ እንደሚታይ የገበያ በሬ ችግሩን ከፍቶ ካላሳየ የማይሰጠው መሆኑ ነው። ግብር ሲሆን ማን ስንት ጥማድ እንዳለው ያውቁታል። ጤፋችን አዲስ አበባ ለመድረስ አንድም ቀን መንገድ ጠፍቶት አያውቅም። ለእኛ የሚመጣው ነገር ብቻ ነው መንገድ የሚጠፋው!

ወሬው የደረሰ ዕለት ሽማግሌውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጮኽኩባቸው። እንደዚያ ቀን በትልቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

«እና እንግዳ ጦሙን ይመለስ?» አሉኝ፤ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው።

እሳቸው አክብረው አበሉ፤ የበሉት ሰዎች ክብሩን ጥጋብ አድርገው ቆጠሩት። ንዴቴ ከእሳቸው ላይ ተነሥቶ ወደዚያ ነጭ መኪና ሄደ፤ እስካሁንም አልተመለሰም።

የእህቴ ልጅ አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠች። ከዚያ አንዲት ዘመድ አዲስ አበባ ወስዳ ሰው ቤት አስገባቻት። እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ባለፈው ስትደውል ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር።

«ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት የቤቱን ልጅ ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ፎቅ ነው። መዋኛ ሁሉ አለው።»

«ግቢው ውስጥ ትገቢያለሽ?»

«ኧረ አልገባም፣ ከበሩ ነው የምመለስ። ቦርሳውን እስከ በሩ እይዝለታለሁ።»

«ስንተኛ ክፍል ነው ልጁ?»



«ሰባተኛ» አለችኝ።