ከጠብታው በፊት ፍራሽ

በመሥሪያ ቤቱ «ጆሮ» ይሉታል። ዓይነ ስውር ነው፤ ሥራውም ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ የስልክ ፕሮግራም ከመለቀቁ በፊት አዳምጦ ስህተቱን መልቀም ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሠራ። ፕሮግራሙ ላልቶ መነበብ ያለበትን «አለ» አጥብቆ ካነበበው ከወንበሩ ይነሣል።

መሥራቹ አብሮት የተማረ ሰው ነው። ድርጅቱን ሲያቋቁም «ማንም ለማንበብ አይከፍልም፤ ማስታወቂያም አይሰማም» ብሎ ምሎ ነበር። ያኔ የሚገዛው ስላልነበረ መሐላው ርካሽ ነበር።

ኋላ አክሲዮኑ ለሕዝብ ይሸጥ ተባለ። «ባለቤቱ ሲበዛ ዓላማችን ይሰፋል» አለ መሥራቹ። በሽያጩ ቀን ጆሮን ክንዱን ይዞ መድረክ ላይ አወጣው፤ ተጨበጨበ። ገዢዎቹ ግን ለዓላማ አልመጡም። በየሦስት ወሩ «ስንት አተረፋችሁ?» ብቻ ነበር ጥያቄያቸው። መጀመሪያ የደንበኞችን ስልክ የሚያነሱት ሴቶች ተቀነሱ። መሥራቹ ስንብታቸውን «አዲስ ምዕራፍ» ብሎ ጠራው።

አንድ ጠዋት ጆሮ አዲሱን ፕሮግራም ሊፈትሽ የእናቱን የዓይን መድኃኒት ወረቀት ፎቶ አነሣ። ስንት ጠብታ እንደሆነ ሲጠብቅ ስልኩ «ወገብዎን ያምዎታል? ፍራሻችንን ይሞክሩ!» አለው።

ቀጥ ብሎ መሥራቹ ቢሮ ገባ።

«ማስታወቂያ አስገባችሁ?»

«ዐሥራ አምስት ሰከንድ እኮ ነው፣ ወንድሜ። እኔ ብሆን... ባለአክሲዮኖቹ ናቸው።»

«ማን ጠራቸው?»

«አንተም አክሲዮን አለህ፤ እንዳትረሳ።»

«ዓይኔ የጠፋው እኔ፤ ዓይን ያወጣኸው አንተ!»

መሥራቹ ሳቀ። ስድብን በሳቅ መዋጥ ይችልበታል። ከዚያ «ተፈትሿል፣ ምቹ ነው» የሚል ወረቀት አቀረበለት።

«ፈርምልኝና እንገላገል።»

«አልፈርምም።»

ከሰዓት በኋላ የሽያጭ ክፍሉ ኃላፊ ፈረመ። ዓይኑን ጨፍኖ እንደሞከረውም ተናገረ፤ ማንም አልሳቀበትም።

ጆሮ በሳምንቱ ለቀቀ። አክሲዮኑንም ሸጠ፤ ዋጋው በዚያው ማስታወቂያ ምክንያት ጨምሮ ነበር፣ እሱም ተቀበለ። ሚስቱ «ታዲያ ምኑን ጸደቅከው?» አለችው።

አሁን በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የብሬል መጻሕፍትን በጣቱ እያነበበ ያርማል። የድሮ ደንበኞች ቁጥሩን ከየትም ፈልገው ይደውሉለታል።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያውን እንዴት ነው የምዘልለው?»

«አይዘለልም፣ እህቴ። ጎረቤት ካለሽ ያንብብልሽ።»