ዓሣ ልለካ ወደ ጋፋት

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ይፋግ

ዛሬ ከይፋግ ተነሣሁ፤ ጉልበቴ ግን አብሮኝ የተነሣ አይመስለኝም። የጌታዬ የደጃዝማቹ ትእዛዝ አጭር ነው፦ «ጋፋት ሂድና ዓሣ ለካ።» አምና ከጣና አርባ የዓሣ ጫጩት በእንስራ አስጭነው፣ እዚያ ለብረት ሥራው በተገደበው ውሃ አስጨምረዋል። ለሑዳዴ ገበታቸው ነው። ጠባቂው መምሬ ገብሬ ለድካማቸው አንድ የገብስ ማሳ ተሰጥቷቸዋል። ዘንድሮ ክንድ የሚሞላ ዓሣ ካልተገኘ ማሳው ይነጠቃል። መለኪያው በትር ኮርቻዬ ላይ ታስሯል። አምስት ልጅ ያለው ሰው እንጀራ በእኔ በትር መንጠልጠሉ ደስ አይልም።

ሐሙስ፣ ርብ ማዶ

በቅሎዬ ወንዙን አልሻገርም ብላ ግማሽ ቀን አቆመችኝ። በቁራሽ አሞሌ ገለባ ገዛሁላት። የሸጠልኝ ገበሬ ሳቀብኝ።

«ወዴት ነው ጌታው?»

«ዓሣ ልለካ፣ ጋፋት።»

«ጣናን ከኋላ ጥሎ ዓሣ ፍለጋ ዳገት የሚወጣ ሰው ዛሬ አየሁ!»

ዳገቱ ገና ፊቴ ነበር።

ዓርብ፣ ጋፋት

መምሬ ገብሬ ከግድቡ ዳር ቆመው ጥላቸውን በእግራቸው ይለካሉ። ከስተዋል። ውሃው ዝም ብሏል።

«ዓሦቹ በሉ ወይ መምሬ?»

«ዓርብ ነው እኮ ልጄ! ጥላዬ ሰባት ጫማ ሳይሞላ እነሱም አይቀምሱ፣ እኔም አልቀምስ።»

«ትልስ አይሰጧቸውም?»

«ለጾም የሚቀርብ ዓሣ ሥጋ በልቶ ይደግ? ገብስ ይበቃዋል።»

መሳቅ አማረኝ፤ ማሳው ትዝ ሲለኝ ግን ተውሁት። ሰዓቱ ደርሶ የገብስ ዱቄት በተኑ። ብቅ ያለ የለም። መረብ ጣልን፤ ቅጠል። ደግመን ጣልን፤ ጭቃ። በሦስተኛው መረቡ ከበደ፤ አንድ ዓሣ ብቻ ወጣ። በበትሬ ስለካው ከክንድ በአራት ጣት አለፈ!

«እልል በሉ መምሬ! ማሳው የአንቱ ነው!»

እሳቸው የሚያዩት አፉን ነበር። የሌላ ዓሣ ጅራት ወጥቶ ይታያል። መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ጾመኞቼን ጨረሳቸው» አሉ። «ይህንም ጻፍ። በጾም ገዳፊ ማሳ አልይዝም።»

«ልጆቹስ ምን ይብሉ?»

ዓሣውን እስከ ሑዳዴ ይቆይ ብዬ ወደ ውሃው መለስሁት።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

በቅሎዬን ስጭን መምሬ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከግድቡ ዳር ያጎነብሳሉ። በዶማ አፈር እየቆፈሩ ትል ይለቅማሉ። ደህና ይዋሉ አልኋቸው፤ ቀና አላሉም።

ሰኞ፣ ይፋግ

ዛሬ ገብቼ ለደጃዝማቹ «ክንድ ከአራት ጣት» አልኋቸው። ደስ አላቸው። ምን በልቶ እንዳደገ አልጠየቁኝም፤ እኔም ደክሞኝ ነበር፤ አልነገርኋቸውም።