የጳጉሜ ሦስቱ ወረቀት

ዛሬ ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። ሹፌራችን አርብ ገበያ ያራገፈውን ሳሙና በስልኩ መዝግቦ ሲልክልኝ ገና ሻዬን አልጨረስኩም ነበር። እኔ ግን ደውዬ የርክክብ ወረቀቱንም እንዲያመጣ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

ወጣት ሳለሁ የአንድ ጅምላ ነጋዴ መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ግንቦት ላይ ኮምፒውተር ገባልን። መኪናው ላይ የተጫነውን፣ የወረደውንና የቀረውን ካርቶን ሁሉ የሚያውቅ ፕሮግራም አለው ተባለ። ፕሮግራሙ የፈረንጅ ነው፤ እኔ ግን ወሩን በእኛው አቆጣጠር እሞላለት ነበር። እስከ ነሐሴ ሰላም ነበርን።

መስከረም ላይ ቆጠራ ሲደረግ ፕሮግራሙ መኪናው ላይ አሥራ ሁለት ካርቶን ሳሙና አለ ይላል፤ መኪናው ባዶ ነው። ሹፌሩ ጋሽ አያሌው ሳሙናውን በሩፋኤል ዕለት በዝናብ አርብ ገበያ ማራገፋቸውን፣ የተረካቢው ፊርማ ያለበትን ወረቀትም ለእኔ መስጠታቸውን ተናገሩ። እኔ አላስታወስኩም። ተረካቢው ደግሞ የእህታቸው ባል ነው። ተመካክረዋል አልኩ በሆዴ። ከዚያ ወዲያ ምናቸውም አላምር አለኝ። አዲስ ቦት ጫማቸውን አይቼ ከየት አመጡት አልኩ። እንደ ወትሮው ከካፖርታቸው ኪስ የገብስ ቆሎ ሲዘግኑልኝ እንኳ ሊደልሉኝ ነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ።

«ልጄ፣ እጅህ ላይ ነው የሰጠሁህ» አሉኝ።

«ማሽኑ አያውቀውም» አልኳቸው።

ነጋዴው የመኪናውን ቁልፍ ተቀበላቸው። የስንት ዓመት እንጀራቸው በእኔ ቃል ተዘጋ።

ሳምንት ሳይሞላ መሳቢያዬን ሳጸዳ ዝናብ የነካው፣ አራት እጥፍ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ጀርባው ላይ በራሴ ጽሕፈት «ጳጉሜ 3፣ እምቢ አለኝ» ይላል። ያኔ ትዝ አለኝ። አሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ ብጽፍለት ማሽኑ አልቀበልም ብሎኝ፣ መስከረም ሲጠባ እሞላዋለሁ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ለአፍታ ልቅደደው ብዬም አስቤ ነበር፤ አልዋሽም።

አልቀደድኩትም። ለነጋዴው አሳይቼ ወደ ጋሽ አያሌው ቤት ይዤው ሄድኩ። ከማሳቸው አረም ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አንብበው መለሱልኝና፣ «መጀመሪያ መሳቢያህን ብታይ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ነጋዴው ቁልፉን መልሶላቸው ወደ ሹፍርናቸው ተመለሱ። ግን ወረቀት በሰጡኝ ቁጥር ከካፖርታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥተው መቀበሌን ያስፈርሙኝ ጀመር። ከዚያ ኪስ ሁለተኛ ቆሎ ወጥቶልኝ አያውቅም።

የዛሬው ፕሮግራም ጳጉሜን ያውቃል። ራሴን ግን እስካሁን አላምነውም። ሹፌሩ ማምሻውን እንደ በሰበሰ ሲመለስ ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ሳይጠይቀኝ መቀበሌን ፈረምኩለት። የገብስ ቆሎም ዘገንኩለት። እሱ እጁን አልሰበሰበም።