አንድ ፈረስ ስንት ሰው ያበላል

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ሰፈራችን ውስጥ ጋሪ ከአስፋልት ይውጣ አይውጣ የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዱ ጎረቤቴ፣ «ፈረሱ ቢቀር ባለጋሪው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ አለቀ» አለ። እኔ ግን ሳር ሻጯን፣ ጎማ ጠጋኙን፣ ለፈረሱ ጫማ የሚመታለትን በሆዴ ቆጠርኩና ሳቄ መጣ። በአንድ ፈረስ ዙሪያ ስንት ሰው እንደሚኖር የተማርኩት ጅዳ ነው፤ ያውም በውርደት።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። መካ፣ ኩዳይ የሚባል ሰፈር፣ ከቀን ሠራተኞች ጋር ፀሐይ ላይ ቆሜ ሥራ ስጠብቅ አቡ ነዋፍ የሚባል ሽማግሌ መኪናውን አቁሞ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ጠየቀ። «እኔ ፈረስ ላይ ነው የተወለድኩት» አልኩት። በሕይወቴ የማውቀው የአጎቴን በቅሎ ብቻ ነበር፤ እሷንም የማውቃት በርግጫዋ ነው። ከጅዳ ወጣ ብሎ ወዳለው ጋጣው ወሰደኝ።

አንድ ቡላ ፈረስ ነበረው፤ ከልጆቹ አብልጦ የሚወደው። መመገቡም፣ ማሳመሩም፣ ጫማ መምታቱም የእኔ ሥራ ሆነ። አንዱንም ስለማልችል ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር፣ ወደማውቃቸው ሰዎች ደወልኩ። ሱዳናዊው ዑስማን ከአያቱ ጀምሮ የፈረስ ጫማ መቺ ነው። ድርቆሹን አንድ የመናዊ በፒክአፕ ያመጣል። ሰው ቤት የምትሠራው የአገሬ ልጅ፣ የሃርቡዋ ዘሃራ ደግሞ በዕረፍት ቀኗ መጥታ ጋማውን ሹሩባ ትሠራዋለች።

«ወላሂ፣ ከማዳሜ ልጆች ይሻላል» ትል ነበር፤ «አመመኝ ብሎ አይጮህም።»

ከደመወዜ እያካፈልኳቸው፣ ጠዋት ፉል በትኩስ ዳቦ አብረን በልተን፣ አቡ ነዋፍ ሳይመጣ ይበተናሉ። እሱም ለወዳጆቹ «ማሻአላህ! አንድ ሐበሻ ከአሥር ሰው ይበልጣል» እያለ ያወራል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን እቀበላለሁ።

ከዚያ የፖሊስ አሰሳ መጣ። ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ፣ የሌለው ሁሉ የምሕረቱ ጊዜ ሳያልቅ «ከፊል» የሚሉትን ዋስ የሚሆን አሠሪ እንዲያገኝ፣ አለዚያ አገሩ እንዲገባ ተባለ። ኑዝላ በሩን ዘጋ። የመናዊው ስልኩን አጠፋ፤ ዘሃራን ማዳሟ ከቤት እንዳትወጣ ከለከለቻት፤ ዑስማን አንድ ክፍል ውስጥ ተሸሸገ። አቡ ነዋፍ ለጋጣው የተፈቀደለት አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበር።

«እሑድ ከዚህ ፈረስ ዘር ውርንጭላ ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ከመካ ይመጣል» አለኝ። «እንደወትሮው አሳምረህ አቅርበው። በማግስቱ ኢቃማህን አስጨርሳለሁ። ኸላስ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሳምንት ከዚያች ካርድ ሌላ የማስበው አልነበረኝም። ሁለት ወንድሞቼ የሚማሩት በእኔ ነበር።

እሑድ ጠዋት የሠራሁት ሹሩባ አይነሳ፤ የተበጠሰ ገመድ ነው የሚመስለው። ይባስ ብሎ የኋላ እግሩ ጫማ ላላ። ዑስማን ሲመታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና መዶሻ አነሳሁ። የመጀመሪያው ሚስማር ጎበጠ። በሁለተኛው ፈረሱ ውኃ ገንዳው ውስጥ ከተተኝ። ጭንቅላቴን ሳወጣ አቡ ነዋፍና ገዢው ቆመው ያዩኛል። ገዢው ፈረሱን ሳይነካ ሄደ።

«በፊት ማን ነበር ጫማውን የሚመታው?» አለ አቡ ነዋፍ።

«ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ፣ ያ ዐሚ።»

«ድርቆሹስ?»

«የመናዊው።»

«ጋማውስ?»

«ዘሃራ።»

ጢሙን ያዘ። «ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?»

«እኔ እደውላለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው ሳል እስኪያፍነው ሳቀ። ከዚያ እንባውን ጠረገና፣ «ያለኝ አንድ ቦታ ነው። ይህ ፈረስ ያለ ማን አይሆንለትም? ወላሂ ብለህ ንገረኝ» አለ።

ወላሂ ባያስብለኝ ኖሮ «ያለ እኔ» ልል ነበር። ፈረሱ እግሩን አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ወላሂ፣ ያለ ዑስማን» አልኩ። ቦታዋም፣ ካርዷም ለእሱ ሆነች።

ለዑስማን ስደውል ፖሊስ አስገድዶኝ መስሎት ሁለቴ ዘጋብኝ። በሦስተኛው መጣ። እኔም በሳምንቱ እጄን ሰጥቼ ወደ አገሬ ገባሁ።

እዚህ ሁሉም የሚያውቀኝ ተባርሬ እንደመጣሁ ነው። ለሚስቴም ፖሊስ አሳድዶ እንደያዘኝ ነግሬያታለሁ፤ ማሳደዱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይረዝማል። ዑስማን አሁንም እዚያው ነው፤ በየዒዱ ደውሎ ይመርቀኛል። ስልኩን ስዘጋ አንዳንዴ ይቆጨኛል፤ አልዋሽም። ግን እዚያ አገር ስለ ራሴ ካወራሁት ሁሉ እውነት የነበረው «ያለ እኔ» ሳይሆን «ያለ ዑስማን» ያልኩት ያ አንድ ቃል ነው፤ ለሚስቴ ያልነገርኳትም እሱኑ ነው።