ከሞፈር እንጨት የወጣ ደጋን

አማቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከካማሺ አሶሳ መጥተው እኛ ቤት ሰነበቱ። እሳቸው ጉሙዝ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጅ፣ ባምባሲ ተወልጄ ያደግሁ አናጢ። ሥራ ፈትቶ መዋል ስለከበዳቸው በርና መስኮት ከምሠራበት ዳስ እየመጡ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ደጋን እንዴት ነው የሚሠራው?»

ሳቁ። «እኔ ቀስት መወርወር ነው የማውቀው። የሚሠራው አባቴ ነበረ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ በቃ።»

«እንግዲያው ያዩትን ይንገሩኝና እንሞክረው።»

ከበር የተረፈ ዋንዛ በመላጊያ አለስልሼ ገመድ አሰርኩበት። ገና ሳብ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ስባሪውን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ይሄኔ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«አባቴ ጀርባውን አይነካም ነበረ። የሚፍቀው ሆዱን ብቻ።»

ጀርባ የሚሉት ደጋኑ ሲሳብ ወደ ውጭ የሚውለውን ገጽ ነው፤ ሆዱ ወደ ወርዋሪው ይዞራል።

የእኔ አባት ደግሞ ለሞፈር ብሎ ያደረቀው ረጅም እንጨት ጣሪያ ሥር ነበር። አወረድኩት። ጀርባውን ሳልነካ ሆዱን በመጥረቢያ ጠረብኩ፤ ከዚያ በሞረድ፣ በመጨረሻም በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁ። ሲባጎ አሰርኩበትና ምሰሶው ላይ በሚስማር ሰቅዬ ወደ ታች ሳብኩት። ጎበጠ፤ ግን እኩል ነው? እኔ ገመዱን ይዤ አይታየኝም። የአማቴ አንድ ዓይን በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሌላኛው ደብዝዟል። ግቢው ውስጥ ልብስ የምታጥበውን ባለቤቴን ጠራኋት።

«ግራው እንደ ዱላ ቀጥ ብሏል» አለች።

ከግራው ፋቅ ፋቅ አደረግሁና እንደገና ሳብኩ።

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ ቀኙ ደርቋል።»

ሳሙናው ከእጇ ሳይለቅ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «እዚህ ጋ፣ ከመሃሉ ትንሽ ዝቅ ብለህ።» እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ሳነሳለት መላው ጉብጠት ይለወጣል። ይህ በጣም አስገረመኝ። በር ስሠራ ዕድሜዬን ሙሉ የምታገለው እንጨት እንዳይጎብጥብኝ ነው፤ ያን ቀን ግን በደንብ እንዲጎብጥልኝ ስለማመጠው ዋልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱም ክንዶች አብረው ጎበጡ። ከቀጭን የሽመል ቀርከሃ ጫፉ ያልሾለ ቀስት አዘጋጀሁ። አማቴ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«አባባ፣ ዓይንዎ!» አለች ልጃቸው።

«ለዚህ አንዱ ይበቃል።»

ግቢያችን ውስጥ ባለው ማንጎ ግንድ ላይ አነጣጠሩ። ቀስቱ ግንዱን ስቶ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ላይ ጓ! አለ።

«ኧረ ምንድን ነው?» ብላ ጎረቤታችን ጮኸች።

ባለቤቴ በሳቅ ፍርስ አለች። አማቴ ግን ጆሯቸውን ወደ ድምፁ አዘንብለው፣ «ርቋል፣ አይደል?» አሉኝ። የት ድረስ እንደሄደ ለማየት ሮጥኩ።