አያቴ ስልሳ ዓመት የደበቁት

አያቴ ትውልድ መቁጠር ይወዱ ነበር። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ ሲገቡ የማያውቁት ወጣት ካጋጠማቸው «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ልጁ ከአያቱ ስም ማለፍ ካቃተው ያዝኑለትና የራሳቸውን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩለታል። አባቴም እኔም አሜሪካ ስንገባ ላስት ኔም ያደረግነው የእሳቸውን ስም ነው።

በኮሮናው ሰሞን ለሦስታችንም የዲኤንኤ ምርመራ ያዘዝኩት ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ውጤቱ በስልኬ መጣ። እኔና አባቴ እንገጥማለን፤ ከአያቴ ጋር ግን አንዳችንም በሥጋ አንዛመድም። ደንግጬ ለአባቴ ደወልኩለት። ከዚያ አያቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው።

«አባትህ ሰምቷል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ምነው ልጄ! ስልሳ ዓመት ደብቄለት?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ማንንም «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉ አልሰማሁም። አባቴ ዎርዝንግተን ካለው ቤቱ ሆኖ ስልካቸውን እንኳን ማንሳት ተወ። ሆስፒታል ሲገቡ እንዲጠይቃቸው ለመንኩት።

«ምኔ ናቸው ብዬ ልጠይቃቸው?» አለኝ።

ሳያያቸው ሞቱ። ያሳደጉትን ልጅ የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ፤ ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰው ግን ከእንግዲህ የሉም። ሱቁ በር ላይ ስደርስ እግሬ አልገባ ይለኛል።

የቀብሩ ዕለት አባቴ መጥቶ መኪናውን ከመቃብሩ ራቅ አድርጎ አቆመ። ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁ። አፈሩ ተመልሶ ሕዝቡ እስኪበተን ድረስ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መሪውን እንደጨበጠ ተቀመጠ እንጂ አልወረደም።